ነበልባሉን ሳናይ ለምን እንደወጣን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ቤታችንም ተርፏል። በስልክ የተገናኘን ዕለት «ሰደድ እሳቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ቤታችሁን ጥላችሁ እንዴት ትወጣላችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሕፃኗ እያለቀሰችብኝ ነበርና መልስ ሳልሰጥዎ ተለያየን። ባለቤቴም በዚያች ሌሊት የጠየቀኝ ይህንኑ ስለነበረ ጥያቄው ከልቤ አልወጣም፤ ዛሬ ልጆቹ ስለተኙልኝ ተረጋግቼ ልመልስልዎ።

ለቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ ገና አልተሰጠም፤ የደረሰን ተዘጋጁ የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። ባለቤቴ የውሃ ጎማ ዘርግቶ ጣሪያውን ማርጠብ ጀምሯል። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት የተቃጠለች ቅጠል ከላይ እየተንሳፈፈች መጥታ ክንዴ ላይ አረፈች። ሥሮቿ አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ድረስ ቅርጿን እንደያዘች ነበረች፤ በጣቴ ጫፍ ስነካት ግን አመድ ሆነች። እሳቱ ገና ከኮረብታው ማዶ ነው፤ ቅጠሏ ግን ቀድማው ደርሳለች። በቃ፣ እንውጣ አልኩት።

ሰደድ እሳት ብዙውን ጊዜ ቤት የሚያቃጥለው ነበልባሉ እስከ ግድግዳው ደርሶ ሳይሆን፣ ነፋስ ተሸክሞት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ፍም አሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ወይም በጣሪያው ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ሾልኮ ኮርኒስ ውስጥ ሲገባ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ዳገት ራስ ላይ ነው፤ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ አስቀድሞ እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ፣ 10 ዲግሪ ያህል ዳገት ብቻ ፍጥነቱን በግምት እጥፍ ያደርገዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ሲከፍት ደግሞ የባለቤቴ ጎማ ውሃው እየቀጠነ ሄዶ መንጠባጠብ ጀመረ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ለምድጃ እሳት እውነትዎን ነው፣ በዚህኛው ግን ቅጠሉ ራሱ ማገዶ ነበር።

ሁለት ሕፃናት ይዞ መውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድሜ አልገመትኩም ነበር። 10 ደቂቃ ይበቃናል ብዬ የጀመርኩት ሥራ 50 ደቂቃ ፈጀ። የሠርጋችንን አልበም ይዤ የልጆቹን የክትባት ካርድ ረሳሁ፤ ሦስት ጡጦ ከትቼ አንድም የጡጦ ጫፍ አልያዝኩም፤ ልጃችንም በአንድ እግሩ ጫማ ብቻ ወጣ። ትእዛዙ የመጣው እኛ ከዋናው መንገድ ከደረስን በኋላ ሲሆን፣ ዘግይተው የተነሡ ጎረቤቶቻችን በዚያው መንገድ ላይ ጭስ ውስጥ ቆመው ለሰዓታት ሲጠብቁ እንዳደሩ ነግረውናል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ እኔም «አላልኩህም?» አላልኩትም። (ልለው ፈልጌ ነበር፤ ለእርስዎ አልዋሽም።)

ከእሳቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ጭሱ ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ብናኞች፣ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ የሚያንሱ ስለሆኑ ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፤ ሕፃናት ደግሞ ከክብደታቸው አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ይተነፍሳሉ። እኛ ያደረግነው ኤን 95 የተባለው ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ለሕፃን ፊት አይሆንም። ስለዚህ የመኪናውን መስኮቶች ዘግተን አየር ከውጭ እንዳይስብ አደረግን፤ መጠለያው ከደረስን በኋላም ልጆቹን የአየር ማጣሪያ ካለበት ክፍል አላወጣናቸውም።

በመጠለያው ትልቁ ልጃችን ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ጀመረ። አንድ ሌሊት ቀስቅሶኝ «እማዬ፣ እሳቱ ያለንበትን ያውቃል?» አለኝ። «እሳት ሰው አይፈልግም፤ የሚሄደው ነፋሱና ደረቁ ሣር ወደወሰደው ነው፤ እዚህ ደረቅ ሣር የለም» አልኩት። ጥቂት አሰበና «አባባ ቤት ግን ሣር አለ» ብሎ ተመልሶ ተኛ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ9ኛው ቀን ስንመለስ ልጆቹን ከባለቤቴ እህት ዘንድ ትተን ሁለታችን ብቻ ገባን። አመዱ በደረቁ ሲጠረግ ተመልሶ አየር ላይ ስለሚነሣ እያረጠብን በጨርቅ ወለወልን፤ መብራት ጠፍቶ ስለከረመ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረውን ምግብ በሙሉ ጣልን።

አባቴ፣ ልጁ ያለው እውነት ነው። ከጓሮዎ ያለው ሣር ከደረቀ ቆይቷል፤ እርስዎም በጉልበትዎ ሕመም ምክንያት እንደ ድሮው ፈጥነው መውጣት አይችሉም። አሸንዳዎን የሚጠርግና ሣሩን የሚያጭድ ሰው ባለቤቴ በመጪው ቅዳሜ ይዞ ይመጣል፤ እባክዎ አይመልሱት። እስከዚያው የሳምንት መድኃኒትዎን፣ መነጽርዎንና የቤቱን ሰነድ በአንድ ቦርሳ አድርገው ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡልኝ። የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው ለባለቤቴ ይስጡት፤ ግልባጩን በእኛም ሻንጣ ውስጥ፣ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጠዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ