ይድረስ “እየታሰበበት ነው” ላሉኝ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም እዚህ አልጽፍም። መዝገብ ቤትዎ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ቁጥር አላቸው፤ ፋይሉን ካስወጡ የማን እንደሆንኩ ያገኙታል። የመጀመሪያው “ወደሚመለከተው ተመርቷል” ተባለ። ሁለተኛውን ይዤ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ራስዎ ከቢሮ ብቅ ብለው “አብሽር መምህር፣ እየታሰበበት ነው” አሉኝ። ይኸው ሲታሰብበት ዓመት ሞላው።

የጠየቅሁት ከባድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠኑ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በወላጅ ፈቃድ፣ ከባለሙያ ጋር አምቡላንስ ላይ ወጥተው ሥራውን እንዲያዩ፣ እጅ ሲያጥርም እንዲያግዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮኔቲከት ግዛት ዳሪየን የምትባል ከተማ አለች። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምቡላንሷ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሠልጥነው፣ አዋቂ እየተቆጣጠራቸው ይሠራሉ። እኔ ያን ያህል አልተመኘሁም፤ አንድ ወንበር ነው የለመንኩት።

ያችን ሰኞ በደብዳቤዎቹ ላይ ጽፌያት ነበር፤ ያነበቧት ግን አይመስለኝም። እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባጃጅ ተገልብጦ የአንድ ልጅ ጭን በብረት ተቀደደ። ከትምህርት ቤት እየተመለሰች የነበረች የመጀመሪያ ዕርዳታ ክበባችን ልጅ ሹራቧን አውልቃ፣ አጣጥፋ ቁስሉ ላይ ጫነችው፤ በሁለት እጇ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ እንዳስተማርኳት። እኔ ስደርስ ደሙ ቀንሶ ነበር። ዙሪያውን ከንፈር የሚመጥ ሕዝብ ሞልቷል፤ እጁን የዘረጋ ግን እሷ ብቻ ናት። አምቡላንሱ መጣ። ከፊት ሹፌር፣ ከኋላ አልጋና ባዶ ወንበር። እጇን ሳታነሳ አብራ ልትገባ ስትል ሹፌሩ “አይቻልም፤ ከባለሙያና ከቤተሰብ ሌላ ከኋላ አይሳፈርም” አላት።

“ባለሙያው የት አለ?” አለችው።

ሹፌሩ ዝም አለ። በእሱ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ቤተሰብ ስለሆነ የልጁ አጎት ገባ። ደሙ መቆሙን ለማየት መንገዱን ሙሉ ሹራቡን እያነሳ ሲያይ፣ ልጁ “ጠማኝ” ሲለውም ውሃ ሲያጠጣው እንደደረሱ አጎትየው ራሱ በኋላ ነገረኝ። ጨርቁ በተነሳ ቁጥር የረጋው ደም እንደገና እንደሚከፈት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ለሚገባ ቁስለኛ ውሃ እንደማይሰጥ እርስዎ አያጡትም። ያቺ የ17 ዓመት ልጅም አታጣውም። ልጁ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። የተረፈው ግን በደንባችሁ አይደለም።

አንድ የቢሮዎ ሰው “ልጆች ደም ሲያዩ ይደነግጣሉ” አለኝ። የየት አገር ልጆች? በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ደሴ ስትያዝ እነዚህ ልጆች 12 እና 13 ዓመታቸው ነበር። ያኔ ማን ዓይናቸውን ሸፈነላቸው? ደም አይተዋል፤ ያላዩት ደም የሚያቆም ሰው ነው።

ሕጉን ደግሞ አታንሱብኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ይከለክላል። የኔ ተማሪዎች ተቀጣሪ አይደሉም፤ ቢሆንም ያንኑ ገደብ ጽፌ አያይዣለሁ። ለመሆኑ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ “ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ!” እያለ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርደው ረዳት ስንት ዓመቱ ነው? እሱን ያየ ኃላፊ የለም። ሹራቧን ያወለቀችዋ ላይ ስንደርስ ነው የሕፃናት ደኅንነት ትዝ የሚለን።

እውነቱን ለመናገር የምፈራው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ ከእናንተ ወገን ያነሳው አልነበረም። ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ተማሪ አምቡላንስ ውስጥ ያየው የጎረቤት ገመና ነገ ቡና ላይ ሊወራ ይችላል። ስለዚህ ወላድ ስትጫን ተማሪ እንዳይኖር፣ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ “አይሆንም” ካለም እንዲወርድ፣ ያወራ ተማሪ በዚያው እንዲሰናበት ጽፌያለሁ። ከዚህ የተሻለ ካላችሁ አምጡት፤ እኔ አልጣላም።

ልጅቷ ክበቡን ለቃለች። የዕርዳታ ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ “ቲቸር፣ መማሩ ለምን ይጠቅማል?” አለችኝ። እየታሰበበት ነው ልላት አፌ እንቢ አለኝ።

እሺም ሆነ እምቢ፣ ቁጥርና ማኅተም ኖሮት ይጻፍልኝ። ለእሷ የማሳያት ወረቀት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ክበብ ኃላፊ መምህር
ደሴ