ለጤና ሚኒስቴር፦ በሽተኛ «ነዘረኝ» ሲል ይሰማ፣ ካርዱም ላይ ይጻፍ

ጤና ይስጥልኝ።

ሹሩባ ሠሪ ነኝ። እንጀራዬ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ላይ ነው። ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ ግን ቀኝ አውራ ጣቴ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም።

ሲያስቀምጠኝና ሲያስመልሰኝ ውሎ ማታ ጤና ተቋም ወሰዱኝ። ተረኛዋ ሲስተር ደም ስሬን ፈልጋ አጣችው። ክንዴ ላይ ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ሙከራ የእጅ ሰዓት የማስርበት ቦታ ላይ፣ በአውራ ጣቴ በኩል ወጋችኝ። ኮረንቲ የያዘኝ መሰለኝ። እስከ ጣቴ ጫፍ ነዘረኝ። ጮህኩ። «አይዞሽ፣ ቻይው፣ ደም ስርሽ አስቸጋሪ ነው» ብላ ፕላስተር ለጠፈችና ግሉኮሱን ከፈተችው። እጄ አብጦ አደረ። የነቀለው ጠዋት የገባው ባለሙያ ነው።

ሲስተሯን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ያን ሌሊት ብቻዋን ነበረች፤ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። ሲበርደኝ አይታ ጋቢዬን ያለበሰችኝም እሷው ናት።

እብጠቱ በሳምንት ጠፋ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። ውኃ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። የሹራቤ እጅጌ ሲታከከኝ ይወጋኛል። በሁለቱ ጣቶቼ መካከል ያለው ቆዳ ደንዝዟል። ቀጭን ሹሩባ ስጎነጉን ጸጉሩ ያመልጠኛል፤ ስለዚህ አሁን አልባሶ ብቻ እየሠራሁ ሌላውን ደንበኛ ለጎረቤቴ እልካለሁ።

«ብርድ ነው» ያለኝ ብዙ ነው። ቅቤ ተቀባሁ። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ከአራት ወር በኋላ አንድ የነርቭ ሐኪም እጄን በጥጥ እየነካካ መረመረኝ። እዚያ ቦታ ላይ ደም ስሩና ወደ አውራ ጣት የሚሄደው የስሜት ነርቭ ተጠጋግተው ነው የሚያልፉት። መርፌ ሲገባ እንደ ኮረንቲ ከነዘረ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መንቀል ነው። የተጎዳ ነርቭ ሲያገግም በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ታጋሽ ሁኚ አለኝ። ማታ ማታ የምወስደው አሚትሪፕቲሊን የሚባል፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት በትንሹ አዘዘልኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ ቆዳዬ እንዲለምድ ጨርቅ እያመላለስኩ እንዳሸው አስተማረችኝ። መጀመሪያ ነጠላ፣ ከዚያ ፎጣ። ፎጣው ላይ ስደርስ እንባዬ ይመጣ ነበር። አሁን እችለዋለሁ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ወደዚያው ተቋም ተመልሼ ካርዴ ሲወጣ «ግሉኮስ ተሰጥቷታል» ብቻ ይላል። የትኛው እጄ ላይ እንደተሰካ፣ ስንት ጊዜ እንደተወጋሁ፣ መጮኼም ሆነ አብጦ መነቀሉ አንድም ቦታ የለም። የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ሆነ። እሱንም አላመኑኝም።

«ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅዳችሁ ውስጥ የገባ ነገር ነው። ደስ ይለኛል። ግን ያን ሌሊት እኔ ርኅራኄ አላጣሁም። ያጣሁት «ነዘረኝ» ስል መርፌውን የሚያስነቅል ደንብ ነው።

እባካችሁ ይህን አድርጉ። ካኑላ (ግሉኮስ የሚሰጥበት ደም ስር ላይ የሚሰካው ቀጭን ቱቦ) ሲሰካ ቦታው፣ ሰዓቱና ስንት ጊዜ እንደተሞከረ ካርድ ላይ ይጻፍ። የእጅ አንጓ በአውራ ጣት በኩል የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። በሽተኛ ነዘረኝ ካለ ይነቀል፤ ያለውም ይጻፍ። እጁ አብጦ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የት እንደሚመለስ ይነገረው። የሚጻፈው ግን ለቅጣት አይዋል፤ ቅጣት ካለው ማንም አይጽፈውም። ሌሊት አንዲት ሲስተር ብቻዋን ያን ሁሉ ሰው እንድትይዝም አይሁን።

የእኔም ካርድ ላይ ቢዘገይም የሆነው ይጻፍልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ሹሩባ ሠሪ፣ አዲስ አበባ