ሐምሌ ሳይገባ የወንዞቹ አፍ ከመረብ ይጽዳ

ለአማራ ክልል የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ጽህፈት ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በጣና ገባር ወንዞች እንቁላሉን የሚጥለውን ነጭ ዓሣ ስለመጠበቅ

የተከበሩ የጽህፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ክረምቱ እየተቃረበ ነው። የጉማራና የርብ ደራሽ ሐይቁን ማደፍረስ ሲጀምር ነጭ ዓሣው ከያለበት ተሰብስቦ ወደ ወንዞቹ አፍ ይመጣል። መረቡም አብሮ ይመጣል። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉትን ሦስት ወራት ብቻ ነው። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋ አላልንም።

ነጭ ዓሣ በገበያ አንድ ስም ይሁን እንጂ በውኃው ውስጥ ብዙ ነው። ተመራማሪዎች በጣና ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን ከ15 ያላነሱ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ የሉም። ከንፈሩ ወፍራም የሆነው ነድጂያ፣ አፉ እስከ ጉንጩ የሚከፈተው ሜጋስቶማ፣ አፍንጫው የሾለው አኩቲሮስትሪስ፣ ትንሹ ብሬቪሴፋለስ ሁሉም በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው የካርፕ ዘመድ ይህ እንግዳ ነገር ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ለብቻቸው ተለያይተው የበዙት እዚሁ ነው። እንዲህ ያለ የዝርያ ስብስብ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናዎ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ መዝግቧል። የቀረው የጣናው ነው።

ጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚዘረጋ መረብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱን የመስክ ጥናት አሳይቷል። ክፉኛ የተጎዱትም ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ናቸው። ምክንያቱ ከአረባባቸው ይጀምራል። ቀረሶ (ቲላፒያ) እንቁላሉን በአፉ ይዞ ይፈለፍላል፤ በረጅሙ ዳርቻ ተበትኖ ስለሚራባም አንድ መረብ ሁሉንም አያገኘውም። ነጭ ዓሣው ግን በጥቂት ወንዞች ጠባብ አፍ ላይ ይታጨቃል፣ ሲመሽ ሽቅብ ይወጣል፣ ንጹሕ ውኃ በጠጠር ላይ እየተንሿሿ በፍጥነት የሚያልፍበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ደርሶ እንቁላሉን ይጥላል። እድገቱ ቀርፋፋ ነው፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። በነሐሴ የወንዙን አፍ ያቋረጠ አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚይዘው እንቁላል የተሸከመ ዓሣ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ትንንሹ ዓሣ ሲጠፋ ነው።

ወሩ ደግሞ ከገበያው ጋር ይገጥማል። የፍልሰታ ጾም የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ገዥ እንዳለ ግን ይታወቃል፣ ዓሣውም በዚያው ሰሞን ወንዝ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ አፍ ዙሪያ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ በወንዞቹም ውስጥ መረብ እንዳይጣል ቀንና ቦታ ጠቅሶ የሚወጣ ትእዛዝ ነው። ለዚህ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ወሰኑን በተንሳፋፊ ጄሪካን ብቻ ማመልከት አይበቃም፤ ጎርፉ የሚያመጣው ግንድ ጠርጎ ይወስደዋል። በባሕሩ ዳር ሁለት ሁለት ረጃጅም ግንዶች ተተክለው አንዱ ከሌላው ጀርባ ሲደረብ ወሰኑ የሚታይ ቢሆን ባለ ታንኳውም ባለ ሞተሩም ያለ መሣሪያ ያውቀዋል። ጥበቃውም የሌሊት ይሁን። መረቡ ሲመሽ ተጥሎ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚነሳ ቀን የሚዞር ተቆጣጣሪ የሚያየው ባዶ ውኃ ነው። በእነዚያ ወራት አስጋሪው ከወንዝ አፍ ርቆ ቀረሶ ያስግር፤ ከመካከላቸውም በአበል የሚጠብቁ ይመረጡ፤ መረቡ የት እንደሚደበቅ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ወደ ላይ ስንወጣ የብርብራ ነገር አለ። ፍሬው ተወቅጦ ኩሬ በሆነ የወንዝ ክፍል ላይ ሲበተን ውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ትልቁ ዓሣ ለቅርጫት ይሆናል፣ ጫጩቱ ደግሞ ሳይለቀም ይበሰብሳል። ይህን የሚያስቆመው የቀበሌ ሰው ነው፤ ወረዳዎቹ በክረምት መግቢያ ቢያሳስቡ ይበቃል።

ጠጠሩ ግን ከዚህ ይከብዳል። እንቁላሉ በጠጠሮች መካከል ገብቶ የሚተነፍሰው በክፍተቱ በሚያልፈው ውኃ ነው። ለግንባታ ሲባል ጠጠሩ ተጭኖ ከተወሰደ የእንቁላል መጣያው ይጠፋል፤ አሸዋ ሲወጣ ደግሞ የሚነሳው ጭቃ ከታች ያለውን መጣያ ይደፍነዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በወንዙ ውስጥ የጠጠሩን ንብርብር በእጅ አንድ ስንዝር ያህል ቢቆፍሩትና ውኃው ለአፍታ ደፍርሶ ወዲያው ቢጠራ ደኅና ነው፤ እንደ አጥሚት ወፍሮ ከቆየ እንቁላል አይተርፍበትም። የጠጠርና የአሸዋ ፈቃድ የሚሰጠው አካል እነዚህን ቦታዎች በካርታ እንዲያውቃቸው ማድረግ የእናንተ ድርሻ ነው። ማውጣቱም በበጋ፣ ውኃ ከማይደርስበት ዳር ይሁን።

በወንዞቹ ላይ የመስኖ ግንባታ መብዛቱን አንቃወምም፤ የፎገራ ሩዝ ውኃ ይፈልጋል። ግን ልዩነት አለው። በርብና በቆጋ ላይ እንዳሉት ባሉ ረጃጅም ግድቦች ላይ የዓሣ መሰላል ይሠራ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው፤ እዚያ የሚጠቅመው ከግድቡ በታች በክረምቱ ወራት የሚለቀቀው ውኃ የወንዙን ተፈጥሯዊ መሙላት እንዲመስል ማድረግ ነው። ዝቅተኛው የመስኖ መጥለፊያ ግን መፍትሔ አለው። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 20 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ የተደረደረበት ዳገት ከጎኑ ቢሠራ ዓሣው በድንጋዮቹ ጀርባ እያረፈ ይወጣል፤ ለ1.5 ሜትር መጥለፊያ 30 ሜትር ማለት ነው። ዳገቱ የሚጀምረው ከመጥለፊያው ሥር አጠገብ ካልሆነ ዓሣው አያገኘውም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ጎርፉ ሲያልፍ ጫጩቱ በወንዙ ኩሬዎች ይቆያል፤ የውኃ ሞተሮቹም በበጋ እዚያው ይተከላሉ። በሴኮንድ 10 ሊትር የሚስብ ሞተር መሳቢያው ጫፍ ላይ ዲያሜትሩ 30፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የለበሰ ቅርጫት ቢደረግለት ውኃው በዝግታ ስለሚገባ ጫጩቱ አምልጦ ይዋኛል። ወንፊቱ በቅጠል ስለሚደፈን ጠዋትና ማታ መጠረግ አለበት፤ ገበሬው ካልተነገረው በሁለተኛው ቀን አውልቆ ይጥለዋል።

የመጨረሻው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ነጭ ዓሣ በአንድ ኪሎ፣ በአንድ መስመር እስከተመዘገበ ድረስ አንዱ ዝርያ ቢጠፋ ሌላው ይሸፍነዋል። በየማረፊያው በወር 100 ዓሣ በዓይነት ተለይቶ ርዝመቱ ይለካ፤ ሆዱን ቀስ አድርገው ሲጫኑት እንቁላል የሚፈስ ከሆነም ምልክት ይደረግበት። ሁለት ሰውና አንድ ማስመሪያ ይበቃል።

ትእዛዙ ከሰኔ 15 በፊት ወጥቶ ለአስጋሪ ማኅበራቱ ካልተነበበ የዘንድሮው ክረምት አልፏል ማለት ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክልሉ ውኃና ኢነርጂ ቢሮ
ለፎገራና ለደራ ወረዳ አስተዳደሮች