ለካምፐርህ ስለምትገዛው ሽፋን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር እንደምን ሰነበታችሁ? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በመኪና የምትጎትተውን ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ካምፐሩን፣ እዚያው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ ጣሪያ በሌለው ማቆሚያ ልታከርመው መሆኑንና ሽፋን ልትገዛለት ማሰብህን ከነገርከኝ ወዲህ፣ ጉዳዩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ረጋ ብዬ ልጽፍልህ ወደድኩ።

ገበያ ላይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውኃ ያስገባል ወይ?» ብሎ ነው። የካምፐር ጣሪያ ግን ስፌቱና ማሸጊያው ደህና ከሆነ ዝናብን ራሱ ይችላል። የሚጎዳው መውጫ አጥቶ ታፍኖ የሚቀር እርጥበት፣ ያለማቋረጥ የሚያርፍበት ፀሐይ፣ እንዲሁም ነፋስ እያርገበገበ የሚፈትገው ጨርቅ ነው። ስለዚህ ያን ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ዋጋው ረከሰ ብለህ እንዳታለብሰው አደራ እልሃለሁ። እዚህ ሲያትል አንድ ጎረቤታችን በእንዲህ ያለ ሸራ ጠቅልሎ ያከረመውን ካምፐር በአፕሪል ሲገልጠው አብሬው ነበርኩ። ገመዱ ያረፈበት ጠርዝ ሁሉ ቀለሙ ተፍቆ ነበር፤ በሩ ሲከፈት የሻጋታው ሽታ አላስገባ አለን፤ ፍራሹን አንስቼ ከሥሩ ያለውን እንጨት ስዳስሰው ርሶ እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ። ጣሪያውን ብንመረምር አንድም ቀዳዳ አላገኘንም። እንጨቱን ያራሰው መውጫ ያጣው እንፋሎት ነበር።

እኛ ዘንድ ዋናው ጠላት ከኦክቶበር እስከ ማርች የማያባራው ካፊያ ነው፤ አንተ ዘንድ ግን ፀሐይና ነፋስ ናቸው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ ፀሐይዋ ልክ እንደ ደጋ ፀሐይ በብርድም ቀን ሳትታወቅ ታቃጥላለች። የጣሪያውን የጎማ ልባስ፣ የመስኮቶቹን ዙሪያ ማሸጊያና የጎኑን ቀለም የምታደርቀው እርሷ ናት። በርካሽ የሚሸጠው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የላስቲክ ዘር ጨርቅ ስለሚሠራ አየር ያሳልፋል፣ ለማንሳትም አይከብድም፣ ነገር ግን ጠንካራ ፀሐይ ቶሎ ያበላሸዋል። የጀልባ ሽፋንና የበረንዳ ጥላ የሚሠራበት አክሪሊክ የሚባለው ጨርቅ ፀሐይን ከሁሉ ይልቅ ይችላል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ለአንተ የምመርጥልህ ጣሪያው ወፍራም ፖሊስተር፣ ጎኖቹ አየር የሚያሳልፍ ፖሊፕሮፒሊን የሆነውንና በጎኑ መተንፈሻ ያለውን ነው።

ልኩን ከካምፐሩ ሞዴል ቁጥር አትውሰድ፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ የአካሉ ርዝመት አይደለምና ራስህ በሜትር ለካ። ከኋላ ያለውን መሰላልና ትርፍ ጎማ ጨምረህ ለካ፤ የፊተኛው መጎተቻ ብረት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፣ ቢሆንም የአምራቹን ሰንጠረዥ ሳታይ አትዘዝ። በቅዝቃዜው ወራት ከሮኪ ተራሮች ቁልቁል የሚወርደው ሺኑክ የሚሉት ነፋስ የሰፋ ሽፋን ካገኘ እንደ ሸራ ጀልባ ነፍቶ ይቀደዋል። ማሰሪያዎቹን ከካምፐሩ ሆድ ሥር አሳልፈህ አጥብቃቸው፤ ነፋስ ካደረ በኋላም ሄደህ እያቸው። የአሸንዳውን ጫፍ፣ የአንቴናውንና የመሰላሉን ማዕዘን አስቀድመህ በስፖንጅ ጠቅልል፤ ሽፋን መቀደድ የሚጀምረው ከእነዚህ ነውና። በፀደይና በበጋ የሚወርደውን ትልልቅ የበረዶ ድንጋይ ግን ጨርቅ አይመክተውም፤ ለዚያ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ መከራየት ይሻላል።

ከማልበስህ በፊት የጣሪያውን ማሸጊያ መርምር፤ ሽፋን የሚያፈስ ጣሪያን ይደብቃል እንጂ አይጠግንም። አካሉን አጥበህ በደንብ ይድረቅ። አይጥ እንዳይገባ የእህል ዘር የሆነ ነገር ሁሉ አውጣ፣ የማቀዝቀዣውን በር ገርበብ አድርገህ ተው፣ ጋዙን ዝጋ። ጎማዎቹ የራሳቸው ሽፋን ያስፈልጋቸዋል። ነፋስ በሌለበት ቀን ለሁለት ሆናችሁ አልብሱት፤ ከለበሰ በኋላ ጨርቁ ያንሸራትታልና ጣሪያው ላይ ማንም አይውጣ። በረዶ ከከመረበት በለስላሳ መጥረጊያ አውርድለት፣ ጨርቁ ከአካሉ ጋር ከተጣበቀ ግን ፀሐይ እስኪያላቅቀው ጠብቅ እንጂ አትጎትት።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅህ ስለ ልጆቹ ነው። ሽፋኑ በዚፕ ተከፍቶ በሩ ስለሚገኝ ውስጥ ገብተን እንጫወት ይሉህ ይሆናል፤ ብርድም ስለሚሆን ማሞቂያ ይለኮስልን ማለታቸው አይቀርም። ሽፋኑ ሳይወልቅ ማሞቂያም፣ ምድጃም፣ ጄኔሬተርም ፈጽሞ አይነሳ። ሽፋኑ የጢሱን መውጫ ይዘጋዋል፣ ጨርቁም በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ ከቃጠሎ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታ የለውም። የዚፑን ቁልፍ አንተ ያዝ።

ለክተህ ስትጨርስ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን ላክልኝ፤ ከማዘዝህ በፊት ሰንጠረዡን አብረን እንየው። እናትህ ሁላችሁንም ትስማችኋለች።

የሚወድህ አባትህ