«ሟርተኛው ክበብ» ዓመቱን እንዴት አሳለፈ?

የአማርኛ ቋንቋ ክበባችን ዘንድሮ አዲስ ስም ወጥቶለታል። መምህራን ማረፊያ ስገባ «ሟርተኛው ክበብ መጣ» ይሉኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። የ2017 ዓ.ም. ርዕሳችንን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ዳነ፣ ተሻለ፣ ተቃና ከተባለ በኋላ ተመልሶ ሲበላሽ አማርኛችን ምን ምን ይላል? ይህንን ነው ስንለቅም የከረምነው። «ምነው ስለ እድገት ብትሰበስቡ?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስለ እድገት የሚሰበሰብማ ሞልቷል።

መደበኛ ስብሰባዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል። የግድግዳ መጽሔታችን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ቆመ። ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ አለ፤ ማየት የፈለገ ይጠይቀኝ።

የመጀመሪያው ቃላችን «አገረሸ» ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን ያለ ምንም አበል መጥተው ስለ ግርሻ በሽታ አስረዱን። በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ነው። ሰው ሲያክ ቅማሉ ይፈርጥና ተህዋሲው በተጫረው ቆዳ ይገባል። ትኩሳቱ ለቀናት አንድዶ ይለቃል። ታማሚው ዳንኩ ብሎ ሲነሳ፣ ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመለስበታል። «ስሙ ራሱ ምርመራ ነው» አለ አንዱ ልጅ። ከዚያ ካርዶቹ መጡ። ባሰበት፣ ጠናበት፣ አሽቆለቆለ፣ ዘቀጠ፣ ከእሳት ወደ ረመጥ። «አመረቀዘ»ን ያመጣችው ልጅ ከአያቷ ነው የሰማችው። ቁስሉ ከላይ የደረቀ መስሎ ከውስጥ መግል ሲቋጥር ማለት ነው። ለክፍሉ ስታስረዳ ፊቷን እያጨማደደች ነበር፤ ሁላችንም አብረን አጨማደድን።

ጥር ላይ የክበቡ ጸሐፊ አንድ ነገር አስተዋለች። ቃላቱ ሁለት ወገን ናቸው። «ወደ ድሮው ተመለሰ»፣ «ዘቀጠ» ስንል ሰውየው ራሱ አድራጊ ነው። «አገረሸበት»፣ «ባሰበት»፣ «አመሉ ተነሳበት» ስንል ግን ነገሩ የመጣው በእሱ ላይ ነው። ያቺ «በት» ጥፋቱን ከሰውየው ላይ ታነሳለች። ስንት ዓመት ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልነው፦ «ያደረገው» እና «የደረሰበት»።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙም የማይናገር አንድ ልጅ አለን። በፈቃዱ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ግን አልነግራችሁም። ካርዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ዓመት መጠጥ ትቶ ነበር። አገረሸበት።» ስለ አንድ የሚወደው ሰው ነው። ክፍሉ ተንጫጫ። «መጠጥ በሽታ ነው እንዴ? ተመለሰ በል!» አሉት። ድምፅ ተሰጠና ካርዱ ወደ «ያደረገው» ሄደ። እሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሱሉልታ ሄድን። እንጦጦን ተሻግረን፣ በጎጃሙ መንገድ። «ከድጡ ወደ ማጡ» እያሉ አድገው ድጥና ማጥ የማይለዩ የአስፋልት ልጆች ስለሆኑብኝ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ጥቁሩ አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስረዘማቸው። አንድ አባት ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ከልጆቻችን አንዷ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸውና ወዳጅ ሆንን። ይኼ ዝምተኛ ልጅ ፎቶ ሊያነሳ ጠርዙ ላይ ወጣ። እግሩ ሸርተት አለና በቂጡ ተቀመጠ።

«እኔን!» አሉ ሰውየው።

«አዳለጠኝ» አለ እያፈረ። ተነሳና ጭቃውን ሸሽቶ ለምለም ሳር ወዳለበት ዘለለ። እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ለካ ማጥ ማለት ከላይ ሳር ለብሶ የሚጠብቅ ነው። ሰውየው ዱላቸውን ዘረጉለትና «አትታገል ልጄ፣ ቀስ፣ አንድ እግርህን መጀመሪያ» እያሉ አወጡት። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ሌሎቹ መሳቅ ጀምረው ነበር፤ አባትየው ዞር ብለው ሲያዩአቸው ተዉ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ እግሩ ባዶ፣ በፌስታል የተጠቀለለ። ብዙ ከቆየ በኋላ «ቲቸር» አለኝ። «‹አዳለጠኝ› ነው ያልኩት አይደል? መሬቱ ነው ያዳለጠኝ። እሳቸውም ለምን ወደቅህ አላሉኝም። ‹እኔን› ነው ያሉኝ።»

ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ሐሙስ ስንገናኝ ጸሐፊዋ ተነስታ ካርዱን ከ«ያደረገው» ነቅላ «የደረሰበት» ላይ ለጠፈችው። ጥር ላይ ከሁሉ በላይ የተከራከረችው እሷ ነበረች። ማንም ድምፅ ይሰጥ አላለም።

አሁን ደግሞ ወደማይጥመው ልምጣ። በጥቅምት 40 አባላት ነበርን፤ በመጋቢት 13። ልጆቹ ራሳቸው «ክበባችን እንደ ካሮት ቁልቁል አደገ» ብለው ቀልደዋል። ከስፖርት ክበብ ጋር በአንድ ሰዓት ከተደረግን ምን ይጠበቃል? የሱሉልታው አውቶቡስ በወላጆች መዋጮ ነው የተከፈለው፤ እናመሰግናለን። ከትምህርት ቤቱ በጀት ዓመቱን ሙሉ የደረሰን ሁለት ማርከርና አንድ እስር ወረቀት ነው። ማርከሩ አንዱ ሲመጣም ደርቆ ነበር። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አንድ ብቻ ነው፤ የ1962ቱ እትም። ከልጆቻችን ወላጆች የሚበልጥ ዕድሜ አለው፣ ገጾቹም እየተገነጠሉ ነው። ለመስከረም አንድ ተጨማሪ መዝገበ ቃላት፣ ከስፖርት የማይጋጭ ሰዓትና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን እንለምናለን። ብዙ ነው?

ቁም ሣጥኑ በተለይ ይታሰብበት። የዓመቱ ካርዶች ለጊዜው በፓስታ ካርቶን ሆነው እኔ ቤት ናቸው። ጣሪያዬ አምና ተጠግኖ ነበር። ሰኔ ሲገባ አገረሸበት።