አባባ፣ የእትዬን ድርሻ አልወስድም

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ወደ ጅማ በሚመጣ ሰው ልኬአለሁ፤ እንደ ቀድሞው ጠዋት ጠዋት ይዋጡት።

ባለፈው በስልክ የነገሩኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሽማግሌዎች ጠርተው የሂርማታውን ቤትና በጅሬን በኩል ያለውን የቡና ማሳ ለእኔና ለወንድሜ ሊያካፍሉን፣ ለእኅታችን ለእትዬ ደግሞ ጥቂት ገንዘብ ሊሰጧት እንዳሰቡ ነገሩኝ። ሴት ልጅ ነገ ባል ታገባለች፣ ሀብቱም ለባዕድ ይሆናል አሉኝ። በስልክ መልስ ልሰጥዎ አልደፈርኩም፤ ቃሌ እንዳይከብድዎ ፈርቼ ነው። አሁን ግን እነግርዎታለሁ፦ በዚህ ዓይነት የሚመጣ ድርሻ አልቀበልም።

አባባ፣ ማሳው ላይ ማን እንደሚውል ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቃሉ። ባለፈው ኅዳር ስመጣ እትዬ ገና ሳይነጋ ቅርጫቷን ታጥቃ ወጥታ ነበር። ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ቀዩን ብቻ እየመረጠች ትለቅማለች፤ አረንጓዴውን ለሚቀጥለው ዙር ትተወዋለች። በቅርንጫፉ ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግፈፍ ሥራውን ያቀል ነበር፤ እርሷ ግን አታደርገውም። የሽቦ አልጋውን ያሠራችውም እርሷ ናት። መሬት ላይ የደረቀ ቡና አፈር አፈር ይሸታል፣ ዋጋውም ይወርዳል ብላ እርስዎን ስትለምን ትዝ ይለኛል። ቀን በእጇ ታገላብጠዋለች፣ ማታ ጠል እንዳይነካው ትሸፍነዋለች። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው ያለው ቡና፣ ደርቆ ነጋዴው ሲመጣ ግን ዋጋ የሚቆርጠውና ብሩን የሚቆጥረው ወንድሜ ነው። ይህ በእኛ ቤት ብቻ የሚሆን አይደለም። በጅማ ዙሪያ በብዙ ቤት ለቀማውና ማድረቁ የሴት፣ ገበያው የወንድ ነው። ሁላችንም ስለለመድነው ማንም በደል ብሎ አይጠራውም። እኔ ግን በደል ነው እላለሁ።

ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ከፋ ክፍለ ሀገር መጥተው፣ በየካቲት 1967 የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ዛፍ ሥር ለተሰበሰበው ገበሬ እንዳነበቡ ልጆች ሳለን ደጋግመው አጫውተውናል። አዋጁ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ፆታ ሳይለይ መሬት ይሰጣል ይል ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ ከፍ ይል ነበር። በኋላ መሬቱ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ በአብዛኛው በአባወራው ስም መስፈሩንም በቁጭት ነው የነገሩን። ያኔ ለማያውቋቸው ሴቶች የተቆጩ አባቴ ዛሬ የገዛ ልጅዎን እንዴት ያስቀራሉ?

ሕጉንም ያውቁታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35ም ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን የምጽፈው በፍርድ ቤት ላስፈራራዎ አይደለም። እርስዎን ከሶ የሚቆም ልጅ አልወለዱም፣ እትዬም አታደርገውም። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ዝም ስለምትል ልናልፋት ነው።

ደግሞም ቤቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እማማ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት ስታቀርብ ያጠራቀመችው ገንዘብ በቆርቆሮውም በግድግዳውም ውስጥ አለ። በትዳር ያፈራችሁት ስለሆነ ግማሹ የእርሷ ነበር፤ ካረፈች በኋላም የእርሷ ግማሽ ለሦስታችንም እኩል የሚተላለፍ ነው። እትዬ በዚያ ቤት ውስጥ የማንም ጥገኛ አይደለችም።

ሰው ምን ይላል ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። የሰፈራችን ሰው ማውራት ያውቃል። ግን ያ ሰፈር ባለፈው ክረምት በሌሊት ታመው ሲወድቁ ባጃጅ ጠርታ፣ ደግፋ ወደ ሆስፒታል የወሰደችዎ ማን እንደሆነች አይቷል። እኔ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ወንድ ልጅ መከታ ነው እየተባለ ሲነገር ስሰማ እርሷን አስባለሁ። ባል ብታገባስ? እኔ አግብቼ የለም ወይ? ሚስቴን ባዕድ ብለው ከውርስ አላስቀሩኝም።

ወንድሜን አነጋግሬዋለሁ። ቤቱን ለሦስት መካፈሉን ተቀብሏል። ስለ ማሳው ግን ገና ልቡ አልቆረጠም፤ የራሱ ልጆች እንዳሉት፣ ኑሮውም ከእኔ እንደሚከብድ ነገረኝ። እውነቱን ነው፣ ይከብደዋል። ስለዚህ የሚጎድለው ነገር ካለ ከእኔ ድርሻ ይሟላለት። ከእትዬ ድርሻ ግን አይነካ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። በሰው ቤት ለሽምግልና ሲቀመጡ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ፍርድ ሰጥተው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እትዬ ጓዳ ገብታ ቡና እንድታፈላ አይዘዟት። ከእኛ ጋር ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ የምትፈልገውንም በራሷ አንደበት ትናገር። ቡናውን የእኔ ባለቤት ወይም የወንድሜ ሚስት ታፍላ እንዳልል ያው በደል ነው፤ እኔና ወንድሜ እናፈላዋለን።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ እገባለሁ። የቤቱን ካርታና የማሳውን የይዞታ ደብተር ከሳጥኑ አውጥተው ይጠብቁኝ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አራታችን ብቻችንን እንነጋገርበት።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከአዲስ አበባ