ለግብርና ሚኒስቴር፦ የወተቱ ምርመራ ውጤት ለላሟ ባለቤት ይነገር

ለግብርና ሚኒስቴር
የእንስሳት ሀብት ዘርፍን ለምትመሩ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ክረምት ሱሉልታ ዳርቻ፣ ዲቃላ ላሞች ከሚያረቡ አንዲት እናት ግቢ ገብቼ ነበር። የናሙና ጠርሙሶቼን ስደረድር ቡና ሊያፈሉ የተነሡት ሴት ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ካቻምና የወሰዳችሁት ወተት ምን ተገኘበት?» ብለው ጠየቁኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ቢሮ ተመልሼ የድሮውን መዝገብ ስከፍት መልሱ በራሴ እጅ ጽሑፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሦስቱ ላሞቻቸው አንዷ በሁለት ጡቶቿ ስውር የጡት በሽታ ነበረባት። ያን ዕለት ምርመራውን ያደረግነው እዚያው በረቱ ውስጥ፣ እሳቸው አጠገባችን ቆመው ነው። ከእያንዳንዱ ጡት ጥቂት ወተት አራት ጽዋ ባለው ሰሌዳ ላይ ይታለባል፣ የመመርመሪያው ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ይዞራል፤ በሽታ ካለ ወተቱ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ወፍሮ አየነው፣ ቅጹ ላይ ሞላነው፣ አመስግነን ወጣን። ጥናቱ የተነደፈው የበሽታውን ስርጭት ለማወቅ ነበርና ለባለቤቷ መንገር በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ጥናቱ ታትሟል፤ ላሟ ደግሞ «ወተቷ ነጠፈ» ተብላ አምና ተሸጣለች።

ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

ስውር የጡት በሽታ ስውር የተባለው ወተቱም ግቱም ለዓይን ጤነኛ ስለሚመስሉ ነው። ምልክቱ የወተቱ መቀነስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ባለቤቷ በመኖ ወይም በብርድ ታሳብባለች። ከበሽታው አምጪዎች ዋነኛ የሆነው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከላም ወደ ላም የሚሻገረው በአላቢው እጅና ግቱ በሚታበስበት በአንዱ ጨርቅ ነው። እኚያ እናት በዚያ ቀን ቢነገራቸው ኖሮ የታመመችውን መጨረሻ ያልቧት ነበር። ለእያንዳንዷ ላም የየራሷን ጨርቅ ይለዩላት ነበር። ታልባ ስታበቃም ድርቆሽ ጣል ያደርጉላት ነበር፤ የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ እየበላች ከቆመች ጭቃው ላይ አትተኛም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሻጋታ የሚያመነጨውን መርዝ፣ የአፍላቶክሲኑን ጉዳይ ደግሞ እናንተም አትረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡት 110 የጥሬ ወተት ናሙናዎች በሙሉ መርዙ ተገኝቶባቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ጣሪያ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ወሬው ሲናፈስ ደንበኛ ሸሸ፣ አርቢው ከሰረ፣ ከዚያ ሁሉም ተረሳ። የመርዙ ዋና ምንጭ የሻገተ መኖ፣ በተለይም የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሟ የበላችው መርዝ በጉበቷ ተለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ማፍላት አያጠፋውም። አርቢው ሊሰማው ይገባ የነበረው ግን ቀጣዩ ነው፦ የተበከለው ፋጉሎ ከተቋረጠ ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል። ስለዚህ ፋጉሎው ገና ከዘይት መጭመቂያው ሳይወጣ ቢመረመርና ውጤቱ በሳምንት ውስጥ ቢነገር ጥቅሙ የትየለሌ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመጽሔት ሲወጣ ግን ያ ፋጉሎ ተበልቶ፣ ወተቱም ተጠጥቶ አልቋል።

የከብት ሳንባ ነቀርሳውም ታሪክ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከ2,956 የወተት ከብቶች 30 በመቶው ለምርመራው በበሽታው መያዛቸውን የሚጠቁም ምላሽ እንደሰጡ አሳይቷል። እዚህ ላይ አርቢው ራሱ መስማት ባይፈልግ አልፈርድበትም፤ ላሟ ታመመች ሲባል ካሳ የሚሰጠው ከሌለ የሚቀረው አማራጭ ዝም ብሎ ለሌላ ሰው መሸጥ ነው።

ባለሙያ ነን የምንል ሰዎች ከአርቢው የምንማረውም አለ። እኚያው እናት ከጎረቤት የገዙት ወተት እርጎ ሆኖ አልረጋ እንዳላቸው ነግረውኝ ነበር። «መርፌ የተወጋች ላም ወተት ይሆናል» አሉ። ልክ ናቸው፤ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቅሪት እርጎ የሚያረጉትን ተሕዋስያን ይገታል። እኛ በላቦራቶሪ የምንፈልገውን እሳቸው በጮጯቸው አገኙት። ጮጮውንም በወይራ ያጥኑታል፤ ጭሱ የተሕዋስያንን መራባት እንደሚያዘገይ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ወደ ማሰባሰቢያ ጣቢያው የሚሄደው ወተት ግን በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ጀሪካን አይታጠንም፣ አፉም እጅ አስገብቶ ለመፈተግ አይበቃም።

ከመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ጅማሮ፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሪፖርቶቻችሁ በሊትር ተሞልተዋል። በየጣቢያው ክፍያውም በአብዛኛው በሊትር ነው። ጤናማ ወተት ያመጣችና የታመመ ወተት ያመጣች ሴት እኩል ከተከፈሉ፣ ጨርቅ የሚለይ ማን ነው?

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ከዚያ ይከተላል። ከአርቢ በረት ናሙና የሚወስድ ማንኛውም ተመራማሪ ውጤቱን አርቢው በሚናገረው ቋንቋ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ጨምሮ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲመልስ የሚያስገድድ መመሪያ አውጡ። እዚያው በረት ውስጥ የሚታወቀው እዚያው ይነገር። በእናንተ ሥር ያሉትን የምርምር ማዕከላት በቀጥታ ልታዙ ትችላላችሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተጠሪነታቸው ለሌላ ሚኒስቴር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እነሱም ወደ ገበሬው በር የሚደርሱት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዘው ነው። ያ ደብዳቤ ሲጻፍ ውጤት የመመለስ ግዴታ አብሮ ይጻፍበት። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያም የውጤቱ ቅጂ ይድረሰው፤ ተመራማሪው ሲሄድ የሚቀረው እሱ ነው።

እኔ በበኩሌ የድሮ መዝገቤን ይዤ በር በር እየዞርኩ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ግቢ ደርሻለሁ። በአራቱ ላሞቹ ተሸጠዋል፤ በሁለቱ ደግሞ አሁንም አሉ፣ አሁንም ታመዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም